«ባዶ ነው» የተባለው ጠመንጃ

እኔ ባደግሁበት አገር ሰው የሚገድል አንድ ቃል አለ። «ባዶ ነው» የሚል ቃል።

ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት መንደር የሰርግ ዋዜማ ነበር። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ደርሷል፣ እንግዶቹ ሲገቡ ወደ ሰማይ ተኩሰው የገቡባቸው ክላሾች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የሙሽራው ታናሽ ወንድም አንዱን አነሳ። «ተው አንተ!» ሲባል ካዝናውን ነቅሎ በግራ እጁ ከፍ አድርጎ አሳየን። «ኧረ ባዶ ነው» አለ። ሳቀና ምላጩን ሳበ።

ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው የአክስቱ ልጅ ነበረች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። በማግስቱ ለሰርግ በተጣለው ዳስ ለቅሶ ተቀመጥን።

ልጁ አልዋሸም። ካዝናውን በእርግጥ ነቅሏል። እሱ እስከሚያውቀው ድረስ ጠመንጃው ባዶ ነበር። ያላወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካዝና ሲነቀል ቀድማ የጎረሰችው ጥይት አብራ አትወጣም። እዚያው ትጠብቃለች። ይህን ለማወቅ ምሕንድስና መማር አያሻም፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በዚያ ልጅ ዕድሜ ሁሉ ግን ያቺን ሁለት ደቂቃ የሰጠው ሰው አልነበረም። አባቱ አልሰጠውም፤ ሚሊሻው አልሰጠውም፤ ትምህርት ቤቱም አልሰጠውም። ጠመንጃውን ግን ሁሉም ሰጥተውታል።

ዛሬ የምጽፈው ስለነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ነው። ክርክሬን ሳልሸፋፍን ልናገር። እኛ ጠመንጃን የምናመልከውን ያህል አናውቀውም። ይባስ ብሎ ማወቁን እንደ ነውር፣ ሲብስም እንደ ወንጀል እንቆጥረዋለን። ጠመንጃ የያዘ ሰው «ወንድ» ይባላል። ጠመንጃ እንዴት እንደሚሠራ የጠየቀ ሰው «ምን አስቦ ነው?» ይባላል። ይህ የተገለበጠ ሚዛን ልጆቻችንን እየበላ ነው።

*

አያቴ ምንሽር ነበረው። ከቤት ሲገባ ከበሩ መድረክ ላይ ቆሞ ቃታውን ወደ ኋላ ይስባል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ትንሿን ጣቱን ሰድዶ ይዳስሳል፣ ከዚያ ብቻ ይሰቅለዋል። ልጅ ሆኜ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። ባዶ መሆኑን እያረጋገጠ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

የዚያ ትውልድ ዕውቀት ከየት መጣ? ከጠመንጃው ራሱ ነው። በዓድዋ ዘመን የነበረው ውጅግራ፣ ስሙን ከፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» የወሰደው ማለት ነው፣ ነጠላ ጎራሽ ነበር፤ አንድ ታጎርሳለህ፣ አንድ ትተኩሳለህ፣ አበቃ። ከእሱ በኋላ የመጣው ምንሽርም ብዙ ጥይት ቢይዝ እያንዳንዱን በእጅህ ቃታውን ስበህና ገፍተህ ነው የምታጎርሰው። እጅህ ካልሠራ ጥይት አይጎርስም። ስለዚህ እጅህ ይቆጥራል። ምንሽር ባለቤቱን እያስተማረ የሚያገለግል ጠመንጃ ነበር።

ክላሽ ግን አያስተምርም። ራሱ ይጎርሳል። አሠራሩን በቀላሉ ላስረዳ። ምላጩ ሲሳብ መርፌው የጥይቷን ቂጥ ይመታል፤ ባሩዱ ይቀጣጠላል፤ ጋዙ እርሳሷን በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ በሚሆን ፍጥነት ወደ ፊት ይገፋል። ከዚያ ጋዝ ጥቂቱ በአፈሙዙ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይኛው ቱቦ ይገባና ቃታውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቃታው ሲመለስ ቀለሁን ይተፋል። ኋላ ያለው ሞላ ደግሞ ቃታውን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ሲወረወርም ከካዝናው አፍ ላይ አዲስ ጥይት ጠርጎ ጉሮሮው ውስጥ ይከታል። ጉሮሮ የምለው ጥይቷ የምትጎርስበትን ቦታ ነው። ይህ ሁሉ የዓይን ጥቅሻ አይሞላም።

ልብ በሉ! ክላሽ አንድ ጥይት በተኮሰ ቁጥር ሌላ ጥይት ጎርሶ ነው የሚቀመጠው። ለሰርግ «አንዲት ብቻ» ተኩሶ ትከሻው ላይ ያነገተ ሰው ያነገተው የጎረሰ ጠመንጃ ነው። የአያቴ ትውልድ አንዲት ተኩሶ ሲያነግት ጉሮሮው ውስጥ የቀረው ባዶ ቀለህ ነበር። የልጅ ልጁ አንዲት ተኩሶ ሲያነግት ጉሮሮው ውስጥ የቀረው ሞት ነው። ልማዱ ያው ነው። መሣሪያው ግን ተለውጧል። ልማዱን ያወረሱን አባቶች ስለ አዲሱ መሣሪያ አላወረሱንም፤ እነሱም አልተማሩትምና።

እዚያ ዳስ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ግድግዳ የተደገፉት ክላሾች በሙሉ ለደስታ የተተኮሰባቸው ነበሩ። በሙሉ ጎርሰው ነበር።

*

ራያ ከጠመንጃ ጋር የተዋወቀው ትናንት አይደለም። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 1928 የተደረገው ደጃፋችን ላይ ነው። በ1935 ለተነሳው የቀዳማይ ወያነ አመጽ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ናቸው መልስ የሰጡት። በ1983 ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት መሣሪያ በየገበያው ቀረ። በ2013ና በ2014 ጦርነቱ ቆላውን ሁለት ጊዜ ረግጦት አለፈ። በያንዳንዱ ዙር ብረቱ እየበዛ፣ ዕውቀቱ ግን ባለበት እየቀረ መጣ።

የዕውቀቱ መቅረት ድንገተኛ ነገር አይደለም፤ ሥር አለው። የምንኮራበትን ታሪክ እስቲ በሌላ ዓይን እንየው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ተጎትቶ እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ ድረስ ወጣ። ብዙዎቻችን ከዚህ ታሪክ የምንይዘው የንጉሡን ቁጣና በ1860 የተኮሱትን የመጨረሻ ሽጉጥ ነው። እኔን የሚገርመኝ ጥያቄያቸው ነው። መሣሪያ መግዛት ብቻ አልበቃቸውም። እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፈለጉ። እንዲህ ብሎ የጠየቀ መሪ ነበረን።

ታዲያ ጥያቄውን ማን ወረሰው? ብረት የሚያቀልጠው፣ ሰደፍ የሚጠርበው፣ የተሰበረ መርፌ የሚተካው ሰው በአገራችን ምን ይባል ነበር? ቀጥቃጭ። ጠይብ። ቡዳ። አርበኛው ጠመንጃውን ይዞ ደጁ ይሄዳል፣ አስጠግኖ ይመለሳል፣ ማዕድ ግን አብሮት አይቆርስም። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ አገር ስላጥለቀለቀ ነው። ጠመንጃውን እያመለከ ጠመንጃ የሚያውቀውን ሰው የሚንቅ ማኅበረሰብ፣ በመጨረሻ እጁ ላይ የሚቀረው ጠመንጃው ብቻ ነው። ያ ንቀት ዛሬ መልኩን ቀይሮ አብሮን አለ። ስለ ሞላና ስለ መርፌ መጠየቅ ዛሬም የትንሽ ሰው ሥራ ይመስለናል። መፎከር ነው የትልቅ ሰው።

*

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሁለት ኑዛዜ አለኝ።

አንደኛው፤ ከዓመታት በፊት በጻፍሁት ዜና «ቃታ ስቦ ገደለው» ብዬ ነበር። ወታደር የነበሩ፣ አያ ብለን የምንጠራቸው የሰፈራችን ሽማግሌ ጠርተው ገሠጹኝ። «ልጄ፣ ቃታ ስትስብ እኮ ጥይት ታጎርሳለህ እንጂ አትገድልም። የሚገድለው ምላጩ ነው። ማጉረስና መግደል ለዳኛ አንድ ይመስልሃል?» አሉኝ። አፈርሁ። ያቀባበለና የተኮሰ ሰው በፍርድ ፊት አንድ አይደሉም። እኔ በአንድ ቃል አንድ አድርጌያቸዋለሁ። ጠመንጃ እንዴት እንደሚሠራ መማር የጀመርሁት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ሥዕል እያየሁ፣ መጽሐፍ እያነበብሁ፣ እሳቸው የራሳቸውን ሲወለውሉ አጠገባቸው እየተቀመጥሁ። አልዋሽም፣ ወደድሁት። አንድ ነገር ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ሲገባ ደስ ይላል።

ሁለተኛው ይከብዳል። ጳጉሜ 4 ቀን 2013 በቆቦ የሆነውን ታውቃላችሁ። የትግራይ ኃይሎች በከተማዋ ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ሪፖርቱ አስፍሯል። ከዚያ በኋላ ወደ ቆቦ ስመለስ መሬት ላይ የወደቀ ቀለህ አንስቼ በእጄ አገላብጬ ጣልሁት። ያኔ አላወቅሁም። በቀለህ ቂጥ ላይ የተሠራበት ፋብሪካና ዓመት ምልክት ይታተማል። የት ቦታ እንደወደቀ፣ ስንት እንደነበረ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ በፎቶ ቢመዘገብ አንድ ቀን ለፍርድ የሚቆም ቃል ይሆናል። የእናቶችን እንባ ቀዳሁ፣ ቀለሁን ግን ጣልሁት። ስለ ዘገባው ምስጋና ተቀብያለሁ። ምስጋናው አይገባኝም።

ሌሎች እንዴት እንደሚሠሩ ተመልከቱ። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014፣ በገና ዕለት፣ ደደቢት ላይ በተፈናቃዮች መጠለያ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የረድኤት ሠራተኞች የቦምቡን ስብርባሪ ፎቶ አነሱ። ስለ መሣሪያ ክፍሎች የሚያውቁ ባለሙያዎች ከዚያ ስብርባሪ ተነስተው ቱርክ ሠራሽ ማም-ኤል የሚባል፣ ከድሮን የሚጣል ቦምብ መሆኑን ለዩ። ድሮን ያለው ማን እንደሆነ ይታወቃል። በአንድ ቁራጭ ብረት ክህደት ተዘጋ። የሞቱት ትግራዮች ናቸው፣ የቆቦ ሟቾች የእኛ ናቸው፤ ብረቱ ግን ለማንም አያዳላም። አንብቦ ለሚያውቅ እውነቱን ይናገራል።

እኛ ግን እስከ ዛሬ «ከባድ መሣሪያ ተተኮሰ» ብለን እንጽፋለን። ሞርታር ይሁን መድፍ፣ ዲሽቃ ይሁን ብሬን፣ ሁሉም «ከባድ መሣሪያ» ነው። ከየት አቅጣጫ? በምን ርቀት? ማን ሊኖረው ይችላል? አይታወቅም። ይህ ድንቁርና ገለልተኝነት አይደለም። ለገዳይ ሁሉ የተሰጠ መደበቂያ ነው።

*

ለማወቅ መሞከርስ ምን ያመጣል? በአንድ ኬላ ላይ ስልኬ ተፈተሸ። የትኛው ወገን ኬላ እንደነበር አልናገርም፤ ለሚቀጥለው ነገር ልዩነት የለውም። ፈታሹ በምስሎቼ መካከል የክላሽ ክፍሎች ተለያይተው የሚታዩበት ሥዕል አገኘ። ማንኛውም ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው ሥዕል ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ክላሽ ነው።»

«ምን ይሠራልሃል?»

«ለማወቅ ነው።»

«ምን ለማወቅ?»

ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀመጥሁ። ፈታሹ ራሱ ክላሽ ታጥቋል። ሲያወራኝ አፈሙዙ ወደ ሆዴ ዞሮ ነበር። የእንዳይተኮስ መቆለፊያው ወደ መካከል ወርዶ አየሁት። ክላሽ ላይ ላይኛው ማቆሚያ ዝግ ነው፣ መካከለኛው አቶማቲክ ነው፣ ታችኛው ነጠላ ነው። መካከል ማለት ጣቱ ብትሸራተት አንድ ጥይት አይደለም የሚወጣው፣ ደርዘን ነው። ይህን በማወቄ ነው የተጠረጠርሁት። እሱ ባለማወቁ ማንም አልጠረጠረውም።

የነገሩ ሁሉ ማጠቃለያ ይህ ነው። ብረቱ ሕጋዊ፣ ሥዕሉ ወንጀል!

*

የሚነሱብኝን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ።

«ጊዜው ነው እንዴ? ሰው እያለቀ አንተ ስለ ሞላ ታወራለህ?» ትላላችሁ። ጊዜው ያልሆነው መቼ ነበር? ሰላም በነበረ ጊዜ «አያስፈልግም» ተባለ። ጦርነት ሲመጣ «ጊዜው አይደለም» ተባለ። በመሐል የሞቱት በጦርነት የሞቱ ስላልሆኑ ማንም አይቆጥራቸውም። ያቺ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በማንም መግለጫ ላይ የለችም።

«ገዳይ ታስተምራለህ» የሚለው ሁለተኛው ነው። ይህ ከበድ ያለ ነውና በቁም ነገር ልመልስ። ጠመንጃ መሥራትን ወይም መቀየርን ማንም ያስተምር አላልሁም፣ አልልምም። ለመግደል የፈለገ ሰው ግን የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ማጉረስና መሳብ። ይህን በቆላ ያለ የሰባት ዓመት እረኛ ያውቀዋል። የማይታወቀው ሌላው ግማሽ ነው፤ እንዴት ባዶ ይደረጋል፣ እንዴት ይቆለፋል፣ ጥይቱ የት ድረስ ይሄዳል። ግድያውን ሁሉም ተምሮታል። ያልተማርነው ጥንቃቄውን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰርግና ለቅሶ ተኩስ አንድ ነገር ልበል። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ አይቀበለውም። የክላሽ ጥይት ዘንበል ብሎ ከተተኮሰ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የቆቦን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ያስላው፤ በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት መንደር፣ ስንት አውድማ፣ ስንት የተኛ ሕፃን አለ? እ.ኤ.አ. የ2004 አዲስ ዓመት ሲገባ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ በአንድ ሌሊት የደስታ ተኩስ 19 ሰዎች ተመቱ፣ አንዱ ሞተ። እኛ ዘንድ ሲሆን «ከየት እንደመጣች ያልታወቀች ጥይት» ብለን እንቀብራለን። ከየት እንደመጣች ይታወቃል። ከሰርግ ነው የመጣችው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንዱ «ሕዝቡን ልታስፈታ ነው» ይለኛል፣ ሌላው «ሕዝቡን ልታስታጥቅ ነው» ይለኛል። ማን ይታጠቅ፣ ማን ይፍታ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ ሌላ ቀን እንከራከርበታለን። እኔ የምለው እስከዚያ ድረስ፣ ብረቱ ቤታችን እስካለ ድረስ፣ እንወቀው ነው። ደግሞም የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ጠመንጃን ያወቅሁት ያህል ፍርሃቴ እንጂ ፍቅሬ አልጨመረም። ጠመንጃ ሲፈታ ከውስጡ ጀግና አይወጣም። ሞላ፣ መርፌና ዘይት ነው የሚወጣው። የሠራው ሚካኤል ካላሽኒኮቭ እንኳ ለገበሬ የሚጠቅም ማሽን ቢፈጥር ይመርጥ እንደነበር ተናግሯል፤ በእርጅናው ለቤተ ክርስቲያኑ ፓትርያርክ በጻፈው ደብዳቤም በመሣሪያው ለሞቱት ሰዎች ተጠያቂ ይሆን እንደሆነ እየተጨነቀ ጠይቋል። የሠራው ሰው የጨነቀው፣ የተሸከምነው እኛ ግን የማንጨነቅበት ምክንያት አንድ ነው። እሱ ያውቀዋል፣ እኛ አናውቀውም።

*

ምን ይደረግ? አራት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ለሽማግሌዎች፣ ለቄሶችና ለሼኾች። በራያ ሰው ሕግ ባይሰማ ሽማግሌ ይሰማል። የሰርግና የለቅሶ ዳስ ሥርዓት ይኑረው። ጠመንጃ ይዞ የመጣ ሰው ከዳሱ ውጭ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ መጀመሪያ ካዝናውን ይንቀል፣ ቀጥሎ ቃታውን ስቦ የጎረሰችውን ያውጣ፣ በመጨረሻም ጉሮሮውን በዓይኑ አይቶ በጣቱ ይዳስስ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ። ካዝናው ሳይነቀል ቃታ የሳበ ሰው አንዷን አውጥቶ ሌላዋን ያጎርሳል፣ «አወጣሁ» ብሎም ይገባል። ይህን የማያደርግ እንግዳ ዳስ አይግባ። አያቴ ያደርገው የነበረው ነው፣ አዲስ ነገር አላመጣሁም።

ሁለተኛ፣ ለመንግሥት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ከወጣ ከ2012 ጀምሮ ወሬው ሁሉ ስለ ፈቃድና ስለ ምዝገባ ነው። እኔ ያየሁት ምዝገባ ስምና የመሣሪያ ቁጥር ይጽፋል። «እስቲ ባዶ አድርገህ አሳየኝ» ያለ መዝጋቢ አላየሁም። በቼክ ሪፐብሊክ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በጽሑፍም በተግባርም ይፈተናል። በጃፓንም ትምህርት፣ የጽሑፍ ፈተናና የተኩስ ፈተና አለ። መኪና ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ፈተና የሚፈትን አገር ለክላሽ አንድ ጥያቄ መጠየቅ እንዴት ያቅተዋል?

ሦስተኛ፣ ለትምህርት ቤቶች። ጦርነቱ ባለፈበት ማሳ ሁሉ ያልፈነዳ ነገር ይቀራል። እረኛ ልጅ የእጅ ቦምብን ከቆርቆሮ፣ ያልተተኮሰን ጥይት ከቀለህ ለይቶ እንዲያውቅ፣ ካየ በኋላም ሳይነካ ምልክት አድርጎ እንዲጠራ በሥዕል ይማር። «አትንካ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ምኑን እንደማይነካ ማወቅ አለበት።

አራተኛ፣ ለራሳችን ለጋዜጠኞች። «ከባድ መሣሪያ» የሚለውን ቃል እንተወው። ድምፁን፣ ቀለሁን፣ ጉድጓዱን ማንበብ እንማር። ካልቻልን የምናውቀውን ብቻ በትክክል እንመዝግብ። ቀለህ አንስቶ መጣል ግን ይብቃ። እኔ አንድ ጊዜ ጥያለሁ፣ ይበቃኛል።

ያ ልጅ ዛሬ ሃያዎቹን ጀምሯል። አልታሰረም፤ በሽምግልና አለቀ። ከዚያ ወዲህ ግን በማንም ሰርግ ላይ አይገኝም። ባለፈው ዓመት አግኝቼው ስለምማረው ነገር ነገርሁት። ብዙ ዝም አለና «ምን ያህል ይፈጃል ለመማር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለት ደቂቃ ነው ብዬ ልመልስለት አልቻልሁም። ለእናንተ ግን ነግሬያችኋለሁ። ቤታችሁ ክላሽ ያለ፣ ዛሬ ማታ ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው። «ባዶ ነው» የሚል ሰው ሲያዩ እንዲሸሹ፣ ወይም «አሳየኝ» እንዲሉ።

ለምታውቋቸው አድርሱልኝ።